ማሊያው 16፣ ቦታው ስድስት፦ የተጫዋች ቁጥር ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ካሉት ሜዳዎች በአንዱ ከሠፈሩ ልጆች ጋር ልምምድ የሚሠራው የእህቴ ልጅ አንድ ቅዳሜ ከሜዳ ሲመለስ ፊቱን አኮሳትሮ ገባና፣ «ጋሼ፣ አሠልጣኛችን ‹አንተ ስድስት ቁጥር ነህ፣ ቦታህን አትልቀቅ› ይሉኛል፤ የእኔ ማሊያ ግን 16 ነው። ስድስት ቁጥር የለበሰውማ የግራ ተከላካያችን ነው። እንግዲህ ስድስት ቁጥር ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በሰዓቱ «አሠልጣኝህ የሚሉህን ስማ» ብዬ አለፍኩት፤ ይሁንና ከሠላሳ ዓመት በላይ ኳስ ስመለከት የኖርኩ ሰው ሆኜ ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ ሳልሰጥ ማደሬ ከነከነኝ። ነገሩ የሚያደናግረው «ቁጥር» የሚለው አንድ ቃል በኳስ ሜዳ ሁለት ሥራ ስለሚሠራ ነው፤ አንዴ የቦታ ስም ይሆናል፣ አንዴ ደግሞ የሰው ስም። ሁለቱ እንዴት እንደተለያዩ ለመረዳት ወደ መነሻው መመለስ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእግር ኳስ የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የተጫዋች ጀርባ ባዶ ነበር። ተመልካቹ ተጫዋቹን የሚለየው በቁመቱ፣ በፀጉሩ፣ በአሯሯጡና በተለይም ዘወትር በሚቆምበት ቦታ ነበር። በእንግሊዝ ሊግ ቁጥር ያለው ማሊያ የተሞከረው ኦገስት 25 ቀን 1928 ሲሆን፣ አርሰናል በሸፊልድ ዌንስዴይ ሜዳ፣ ቼልሲም ከስዋንሲ ጋር ባደረጓቸው ጨዋታዎች ላይ ታይቷል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1933 የእንግሊዝ ኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኤቨርተን ከ1 እስከ 11፣ ማንችስተር ሲቲ ደግሞ ከ12 እስከ 22 ለብሰው ገቡ፤ የሲቲው በረኛ የለበሰውም 22 ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በሜዳው ላይ ያሉት 22 ሰዎች ስለሆኑ ለእያንዳንዱ የማይደገም ቁጥር መስጠት ነው። በዚያ ቀን ኤቨርተን 3 ለ 0 ሲያሸንፍ 9 ቁጥር የለበሰው ዲክሲ ዲን ከግብ አስቆጣሪዎቹ አንዱ ነበር። ሊጉ ቁጥርን ለሁሉም ግዴታ ያደረገው ግን በ1939 ሲሆን፣ የጸናውም ሁለቱም ቡድኖች በየፊናቸው ከ1 እስከ 11 የሚለብሱበት ሥርዓት ነው።

ያ ሥርዓት የቆመው በዘመኑ አሰላለፍ ላይ ነበር። ቡድኖች በአመዛኙ የሚሰለፉት ከኋላ ሁለት፣ ከመሐል ሦስት፣ ከፊት አምስት ሆነው ነው። አንድ ሰው ከበረኛው ጀርባ ቆሞ ወደ ተጋጣሚው ግብ ቢመለከትና ከቅርቡ ረድፍ ጀምሮ፣ በየረድፉም ከቀኝ ወደ ግራ ቢቆጥር፣ በረኛው 1 ይሆንለታል፤ ሁለቱ ተከላካዮች 2 እና 3፣ ሦስቱ የመሐል ሰዎች 4፣ 5 እና 6፣ አምስቱ አጥቂዎች ደግሞ ከቀኝ ክንፍ እስከ ግራ ክንፍ 7፣ 8፣ 9፣ 10 እና 11 ይሆናሉ። ዛሬም ድረስ 7 እና 11 በክንፍ በኩል፣ 9 ደግሞ በግብ ፊት መታሰባቸው የዚያ ቆጠራ ቅሪት ነው። በዚህ ስሌት 10 ቁጥር ከመሐል አጥቂው በስተግራ የሚጫወት የውስጥ አጥቂ እንጂ ሌላ ክብር አልነበረውም፤ ክብሩ የመጣው በኋላ ነው፤ አመጣጡንም ወደ ታች እናየዋለን።

አሰላለፉ ሲለወጥ ቁጥሮቹ በቦታቸው አልቆዩም፤ ግራ መጋባቱ የጀመረውም እዚህ ላይ ነው። በ1925 የኦፍሳይድ ሕግ ተሻሻለና በአጥቂውና በግብ መስመሩ መካከል ሊኖሩ ይገባቸው የነበሩት ተጋጣሚዎች ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ አሉ። ለአጥቂ መንገዱ ሲከፈትለት ለመከላከል አንድ ሰው መጨመር ግድ ሆነ፤ ስለዚህ ከመሐል ረድፍ መካከል ላይ ያለው 5 ቁጥር ወደ ኋላ ተስቦ በ2 እና በ3 መካከል ቆመ። በዚህ ምክንያት 2፣ 5፣ 3 የሚል ቆጠራ የማይገጥምለት የኋላ መስመር ተፈጠረ። ከዚያም በ1950ዎቹ አራት ተከላካይ ማሰለፍ ሲለመድ ከመሐል ሌላ አንድ ሰው መውረድ ነበረበት፤ ማን ይውረድ በሚለው ላይ ግን አገሮች አልተስማሙም። እንግሊዞች በአብዛኛው 6ን አውርደው ከ5 ጎን አቆሙት። አርጀንቲናውያን 4ን የቀኝ ተከላካይ አድርገው 5ን በመሐል ሜዳ አስቀሩት። ብራዚላውያን ደግሞ 6ን ለግራ ተከላካይ ሰጡት። ሮቤርቶ ካርሎስ በሪያል ማድሪድ 3፣ በብራዚል ብሔራዊ ቡድን ደግሞ 6 ለብሶ ይጫወት የነበረው ለዚህ ነው፤ ሰውየውም ቦታውም አልተለወጡም፣ የተለወጠው የቆጠራው ልማድ ነው።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ ጥያቄ ግማሽ መልሱን አገኘ። 6 የለበሰው የግራ ተከላካይ ጓደኛው በብራዚሎች ቆጠራ ቦታው ላይ ነው። አሠልጣኙም አልተሳሳቱም፤ በዛሬ የአሠልጣኞች ቋንቋ «ስድስት» ማለት ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ ኳስ የሚነጥቅና የሚያከፋፍል አማካይ፣ «ስምንት» ማለት ከሳጥን ሳጥን የሚመላለስ፣ «አስር» ማለት ደግሞ ከአጥቂው ጀርባ ሆኖ ጨዋታ የሚፈጥር ነው። ይህ ቋንቋ ማሊያውን አይመለከትም፤ የለበሰው 16 ይሁን 61 አሠልጣኙ ግድ የላቸውም።

ቁጥርን እንደ ቦታ ምልክት አምኖ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የታየበት ታላቁ ቀን ኖቬምበር 25 ቀን 1953 ነው። ሃንጋሪ በዌምብሌይ እንግሊዝን 6 ለ 3 ባሸነፈችበት በዚያ ጨዋታ ናንዶር ሂደግኩቲ 9 ቁጥር ለብሶ ገባ። በእንግሊዞች ቆጠራ 9 የግብ ፊት አጥቂ ስለሆነ እርሱን መያዝ የ5 ቁጥሩ የሃሪ ጆንስተን ሥራ ነበር። ሂደግኩቲ ግን ወደ መሐል ሜዳ ወርዶ መጫወት ጀመረ። ጆንስተን ቢከተለው ከኋላው ሰፊ ባዶ ቦታ ይከፈታል፤ ትቶት ቦታው ላይ ቢቀር ደግሞ ሰውየው ያለ ጠባቂ ኳስ ተቀብሎ፣ ዞሮና አስቦ ያቀብላል። ጆንስተን ከሁለቱ አንዱን ሳይመርጥ ጨዋታው አለቀ፤ ሂደግኩቲም የመጀመሪያውን ግብ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ አስቆጥሮ በድምሩ ሦስት አገባ። ስለ ታክቲክ ብዙ ማብራሪያ አንብቤአለሁ፤ እንደዚህ ጨዋታ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ግን የለም፤ ተከላካዩ የተሸነፈው ለሰውየው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ራሱ ከጀርባው ላይ ላነበበው ቁጥር ጭምር ነው።

ቁጥሩ ከቦታ ወደ ሰው መሻገር የጀመረው በዓለም ዋንጫ ነው። በ1954ቱ የስዊዘርላንድ ውድድር እያንዳንዱ ተጫዋች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይቀየር የራሱ ቁጥር እንዲይዝ ተደረገ። ተጠባባቂዎችም ስለሚቆጠሩ ዝርዝሩ እስከ 22 ደረሰ፤ ከ2002 ጀምሮ 23፣ በ2022 ደግሞ 26 ሆኗል። በ1958 ብራዚል የቁጥር ዝርዝሯን ሳትልክ በመቅረቷ ቁጥሮቹ ተጫዋቾቹን በቅጡ በማያውቅ የውጭ ሰው እጅ ተደለደሉ። በረኛው ጂልማር 3 ደረሰው፤ ገና የ17 ዓመት ልጅ የነበረውና በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ያልተሰለፈው ፔሌ ደግሞ 10 ደረሰው። ብራዚል በፍጻሜው ስዊድንን 5 ለ 2 ስታሸንፍ ፔሌ ሁለት ግብ አገባ። የ10 ቁጥር ክብር፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ልጅ የተጣላበት፣ ስንት ክለብ የተደራደረበት ክብር፣ መነሻው ይህ የቢሮ ዝርክርክነት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የዮሃን ክራይፍ 14ም ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1970 በአያክስ መልበሻ ክፍል ውስጥ ጓደኛው ጌሪ ሙረን 7 ቁጥር ማሊያውን ሲያጣ ክራይፍ የራሱን 9 ሰጠውና ከተረፉት 14ን አነሣ፤ ቡድኑ ስላሸነፈም እንደያዘው ቀረ። በ1974ቱ የዓለም ዋንጫ ሆላንዶች ቁጥር የሰጡት በስም ፊደል ተራ ነበር፤ በዚህም አጥቂው ሩድ ጌልስ 1፣ በረኛው ያን ዮንግብሉድ 8 ለበሱ። በፊደል ተራ 1 ሊደርሰው ይገባ የነበረው ክራይፍ ብቻ 14ን እንዲይዝ ተፈቀደለት። አርጀንቲናም በ1982 እንዲሁ አድርጋ አማካዩን አርዲሌስን 1 ስታለብስ ማራዶናን ከተራው አውጥታ 10 ሰጠችው። ለአንድ ሰው ሲባል ደንብ ከተጣሰ ቁጥሩ የዚያ ሰው ስም ሆኗል ማለት ነው። ክለቦች ወደዚህ ሥርዓት የገቡት ዘግይተው ሲሆን፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ቋሚ ቁጥርና የተጫዋች ስም በማሊያ ላይ የጀመረው በ1993/94 የውድድር ዘመን ነው። ከዚያ በፊት በየሳምንቱ የሚጀምሩት አሥራ አንድ ሰዎች ከ1 እስከ 11 ያለውን ይከፋፈሉት ነበር።

አሁን ወደ ደጋፊው ልምጣ፤ ምክንያቱም ቁጥርን ከሁሉ ይልቅ የያዘው እርሱ ነው። ሰኔ 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ምሽት፣ የጣሊያኑ የዓለም ዋንጫ ሲከፈት፣ እኔ ልጅ ነበርኩ። በሠፈራችን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ስለነበር ትልልቆቹ ጋቢያቸውን ደርበው በአግዳሚ ላይ ሲቀመጡ እኛ ልጆቹ መሬት ላይ ታጭቀን እናይ ነበር። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከመሆኑም በላይ የደብረ ብርሃን ነፋስ አንቴናውን ባወዛወዘው ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ፊት አይለይም፤ የሚለየው ጀርባ ነው። ካሜሩን የማራዶናን አርጀንቲና 1 ለ 0 ስታሸንፍ «ማን አገባ?» የሚለው ጩኸት የተመለሰው በስም አልነበረም፤ «ሰባት! ሰባት ቁጥር!» ነበር የተባለው። ኦማም ቢይክ የሚባለውን ስም የሰማነው በማግሥቱ ነው። በኋላም የ38 ዓመቱ ሮዤ ሚላ ተቀይሮ እየገባ ሮማኒያ ላይ ሁለት፣ ኮሎምቢያ ላይ ሁለት ሲያገባ ለእኛ «ዘጠኙ ሽማግሌ» ነበር። ዛሬም ቢሆን ኮሎምቢያዊው በረኛ ኢጊታ ከግቡ ርቆ ኳስ ሲያንከባልል ሚላ የነጠቀው ቅጽበት ትዝ ሲለኝ በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣው ፊቱ ሳይሆን እየራቀ የሚሄድ 9 ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ ሳስበው ምክንያቱ የዓይን ነው። በቴሌቪዥን ጨዋታ የሚታየው ከላይና ከሩቅ ነው፤ ወደ ግብ የሚሮጥ ሰውም ብዙ ጊዜ የሚሰጠን ጀርባውን ነው። ስለዚህ የደስታው ቅጽበት ከስም በፊት ከቁጥር ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ማስረጃዬ የራሳችን ብሔራዊ ቡድን ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፋ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ ግቦቹን ያገቡት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ናቸው። ስለዚያ ቀን በሻይ ቤት ሲወራ ግን «አዳነ» እና «ሳላዲን» ይባላል እንጂ ቁጥራቸውን የሚጠራ አልገጠመኝም። የቤት ልጅ በስሙ ይጠራል፤ ቁጥር የሚያስፈልገው ለእንግዳ ነው።

የአርሰናል ደጋፊ እንደመሆኔ ከቁጥሮች ሁሉ ልቤን የሚያሞቀው 25 ነው። በ1992 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አርሰናል በቼልሲ ሜዳ 2 ለ 0 ከተመራ በኋላ ኑዋንኩ ካኑ በመጨረሻዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃዎች ሦስት ግብ አግብቶ 3 ለ 2 አሸነፉ። እኔ ያየሁት ዘግይቼ፣ በቪዲዮ ቤት፣ ከተቀዳ ካሴት ላይ ነው፤ ውጤቱን አስቀድሜ ሰምቼ እንኳ ሦስተኛውን ግብ ከማዕዘኑ አጠገብ፣ ምንም ቦታ ከማይታይበት ጥግ ሲመታው ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። የሚገርመው 25 በአሮጌው ቆጠራ የትም ቦታ የሌለው ቁጥር መሆኑ ነው። አጥቂ ነው ወይስ ተከላካይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ለእኔ ትርጉሙ ካኑ ብቻ ነው።

ለዳኛ ግን ቁጥር ትዝታ ሳይሆን የመዝገብ ጉዳይ ነው። ካርድ የሚመዘገበው፣ ተቀያሪም በሰሌዳ የሚታወቀው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ተሳስቶ ከተያዘ ቅጣቱ ሌላ ሰው ላይ ይወድቃል። ማርች 22 ቀን 2014፣ አርሰን ዌንገር አርሰናልን ለ1,000ኛ ጊዜ በመሩበት ጨዋታ፣ ቼልሲ 6 ለ 0 ባሸነፈበት ቀን፣ ወደ ግብ የተመታች ኳስ በእጁ የመለሰው 15 ቁጥሩ ኦክስሌድ ቻምበርሌን ሆኖ ሳለ ከሜዳ የተባረረው 28 ቁጥሩ ኪራን ጊብስ ነበር። 15 እና 28 በመልክም በድምፅም አይመሳሰሉም፤ ቻምበርሌን ራሱ ለዳኛው ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ሲናገርም ታይቷል። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ ባልጽፍ እመርጣለሁ።

ቁጥር የሰው ስም ከሆነ በኋላ ሰውየው ሲሄድ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ መጣ። ኤ ሲ ሚላን የፍራንኮ ባሬዚን 6፣ ናፖሊም የማራዶናን 10 ዳግመኛ እንዳይለበሱ አድርገዋል። በአሜሪካ ደግሞ በ1997 የጃኪ ሮቢንሰን 42 ቁጥር በቤዝቦሉ ዋና ሊግ ክለቦች ሁሉ ተነሥቷል። እኔ በአብዛኛው ይህን ልማድ አልወደውም። አርጀንቲና በ2002 የዓለም ዋንጫ 10ን ለማራዶና ክብር ባዶ ልታስቀር ስትጠይቅ ፊፋ ዝርዝሩ ከ1 እስከ 23 ሳይጎድል ይሞላ በማለቱ ቁጥሩን ኦርቴጋ ለበሰው። ያኔ ተፈቅዶ ቢሆን ኖሮ ዲሴምበር 18 ቀን 2022 ሉሳይል ላይ ሜሲ ዋንጫውን ሲያነሣ በጀርባው ላይ 10 ባልነበረ። ከዚህ ሐሳቤ የማወጣው አንድ ብቻ አለ፤ የካሜሩኑ ማርክ ቪቪየን ፎዬ በጁን 2003 ሊዮን ከተማ ላይ ለአገሩ ሲጫወት ወድቆ ሞተ፤ በዚያ ዓመት ይጫወትበት የነበረው ማንችስተር ሲቲም 23ን ከዚያ ወዲህ ለማንም አልሰጠም። እርሱን ማንም እንዲለብሰው አልመኝም።

ቁጥር ቦታም ስምም የማይሆንበት አንድ ስፖርት አለ፤ እርሱም የእኛው ሩጫ ነው። የሯጭ ቁጥር የምዝገባ ተራ ነው፤ ከውድድሩ በፊት ይሰጣል፣ ሲያልቅም ይረሳል። ሆኖም በቁጥር ዙሪያ ከሰማኋቸው ሁሉ የላቀው ታሪክ የሰሜን ሸዋ ልጅ ታሪክ ነው። ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደው የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ሮም ላይ 11 ቁጥር ለጥፎ በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጠ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ተጠንቀቅ ካሉት ተፎካካሪዎች አንዱ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ሲሆን፣ ምልክቱም 26 ቁጥር ነበር። ራዲ ግን የማራቶን ቁጥሩን ሳይወስድ ቀርቶ በ10,000 ሜትር የሮጠበትን 185 ለጥፎ ነው የተሰለፈው።

አበበም 26ን ፍለጋ ሯጭ በሯጭ እያለፈ ወደ ፊት ተጓዘ። ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ወጣ፤ ያ ሰው በደረቱ ላይ 185 የለጠፈ ነበር። አበበ 26 ገና ከፊት አለ ብሎ ስላሰበ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም፤ የሚፈልገው ሰው ግን ጎን ለጎን አብሮት ይሮጥ ነበር። እስከ መጨረሻዎቹ 500 ሜትር ድረስ አብረው ዘልቀው አበበ ተፈትልኮ ወጣ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ በሆነ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰንም ገባ። ራዲ የደረሰው ከ25 ሰከንድ በኋላ ነው። ሃንጋሪውን 9 ቁጥር ያመነው ጆንስተን ተሸንፏል፤ 26ን ያመነው አበበ ግን ባልነበረ ሰው ተስቦ አሸንፏል። አበበ በ1964 ቶኪዮ ላይ 17 ለጥፎ በጫማ ደገመው። በ1968 ሜክሲኮ ላይ አዘጋጆቹ ለክብሩ 1 ቁጥር ሰጡት፤ ይሁንና የታመመ እግሩ እምቢ ስላለው 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠና ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ በአንድ ምሽት አጫወትኩት። የገረመው ፔሌም ክራይፍም ቁጥራቸውን ያልመረጡ መሆናቸው ነው። በማግሥቱ ማሊያውን አምጥቶ እንዳየው ሰጠኝ፤ 16ቱ ያልታተመ፣ በነጭ ፕላስተር የተለጠፈ ነበር። ጠርዙ በአጠባ ብዛት ተነሥቶ ስለነበር «አንዱን ብንገነጥለው ስድስት ይሆንልሃል፤ ከአሠልጣኝህም ጋር ትስማማለህ» አልኩት። ማሊያውን ከእጄ መንጭቆ ወሰደና «የወንድሜ ነው እኮ፣ ጋሼ፤ እሱ ራሱ ነው የለጠፈው» አለኝ። ታላቅ ወንድሙ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የተነሣውን ጠርዝ በአዲስ ፕላስተር አጠናክሬ መለስኩለት።